በመቀነት የታሰረ ሩጫ

ከትምህርት ቤታችን በር ተነስቶ ወለቃ ሸክላ ሻጮቹ ጋ እስኪደረስ ድረስ መንገዱ ዳር ስንት የመብራት ምሰሶ እንደቆመ ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። የቆጠርኩት ለሒሳብ ትምህርት አይደለም፤ የማስተምረው ሰውነት ማጎልመሻ ነው። የቆጠርኩት ስሮጥ ሽንቴ ስንተኛው ምሰሶ ላይ እንደሚያመልጠኝ ለመመዝገብ ነው። አዎ፣ ለዚሁ ብቻ ደብተር ነበረኝ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አሥራ ዘጠነኛው ምሰሶ ነበር። ጥር ሲገባ ሦስተኛው ሆነ። በየሳምንቱ እየተለማመዱ በየሳምንቱ ያነሰ ውጤት ማምጣት የስፖርት መምህርትን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ገና ተመድቤ እንደመጣሁ፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሴት ልጆችን ሰብስቤ የሩጫ ቡድን አቋቁሜ ነበር። ዘጠኝ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስተን ወለቃ ደርሰን እንመለሳለን። ሴት ልጅን በዚያ ሰዓት ከቤት ማስወጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ ቤት ሄጃለሁ፤ ዘጠኝ ቦታ ቁጭ ብዬ ስለ ልብና ስለ ሳንባ አስረድቻለሁ። ስለ ሳንባ ማንም መልሶ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንቺ አብረሻቸው ትሆኛለሽ?»

እሆናለሁ አልኩ። ከሁሉም የጠነከረችብኝ የአንዷ ተማሪ እናት፣ የመሪጌታ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከከተማው ደብሮች በአንዱ ዜማ ያስተምራል። በሯ ላይ ቆማ፣ «ልጄን የምሰጠው ለመንገድ አይደለም፤ ላንቺ ነው። ከዓይንሽ የጠፋች ቀን አበቃ» አለችኝ።

ይህ የአፍ ብቻ እንዳልነበረ ሳረግዝ አየሁት። አምስተኛ ወሬን ስይዝ መሮጥ አቆምኩ። አንድ ወንድ ባልደረባዬ «እኔ አስሮጣቸዋለሁ» ብሎ ተነሳ፤ ደግ ሰው ነው፣ ከእኔም ይፈጥናል። በመጀመሪያው ጠዋት አንድም ልጅ አልመጣችም። ቡድኑ በአንድ ቀን ፈረሰ። ስለዚህ ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ዘጠኙም የቢሮው በር ላይ ተሰልፈው «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንጀምረው?» ሲሉኝ፣ ሁሉ ነገር በእኔ እግር ላይ እንደቆመ አውቄ ነበር። እኔ ከሮጥኩ ይሮጣሉ። እኔ ከተቀመጥኩ እነሱም ቤታቸው ይገባሉ።

የመጀመሪያው ጠዋት ደስ ብሎኝ ከፊት ነበርኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁልቁለቱ ላይ እግሬ መሬት ሲመታ ሞቅ ያለ ነገር በጭኔ ወረደ። ላብ መሰለኝ። ላብ ግን በዚያ ብርድ ከዚያ ቦታ አይነሳም። ቆምኩና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ልጆቹ ከበቡኝ።

«ቲቸር፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም፤ ክር ነው።»

«ክርዎት እኮ አልተፈታም» አለች ረጅሟ። ረጅሟ የምላት ከዘጠኙ አንደኛ የምትወጣው፣ አፏም እንደ እግሯ የማያርፈው ልጅ ናት።

«የላላ ነገር ሳይፈታ ይታሰራል» አልኳት። መምህር መልስ አያጣም።

እዚህ ላይ ምን እንደተፈጠረ መናገር አለብኝ፤ እኔ የሚነግረኝ አጥቼ ብዙ ተሰቃይቻለሁና። የሽንት ከረጢት የሚቀመጠው ከእምብርት በታች ነው። ከስሩ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ ጡንቻ አለ፤ ከረጢቱንም ማህፀኑንም ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ያ ጠፍር ይለጠጣል፤ በማግሥቱ ወደ ነበረበት አይመለስም። እንግዲህ ስትሮጪ እግርሽ መሬት በመታ ቁጥር የሆድ ዕቃ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላላው ጠፍር ይረግባል፣ ያመልጣል። ሲያስነጥሱም፣ ሲስቁም ያው ነው። ይህን ሁሉ አሁን ነው በሥርዓት የማውቀው። ኮሌጅ የጭን ጡንቻን በየስሙ አስጠንቶኝ ስለዚህኛው ትንፍሽ አላለም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። መጀመሪያ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ከማታ ጀምሮ አንድ ጉንጭ ሳልጠጣ አድሬ ስሮጥ ራሴ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የልጄም ወተት ቀነሰ፤ ሽንቱ ግን ቀጠለ፣ ያውም ጥቂቱ ሽታው ከብዙው ይብሳል። ቀጥሎ ሞዴስ። ሞዴስ የተሠራው ለተቀመጠች ሴት እንጂ ለምትሮጥ አይደለም። ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ መመለሻ ላይ ጭኔን ልጦኝ እንደ ዳክዬ እየሄድኩ እገባለሁ። ሊገዙት ሲሄዱ ደግሞ የፋርማሲው ልጅ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ባለ ክንፉን ነው ወይስ ተራውን?» ይላል። ቱታዬን በጥቁር ቀየርኩ። ወገቤ ላይ ሹራብ ማሰር ጀመርኩ። ከመነሳታችን በፊት ሽንት ቤት አራት ጊዜ መመላለስም ልማዴ ሆነ፤ ይህን ደግሞ ሁላችንም አያ የምንላቸው የጥበቃ ሽማግሌ ቆጠሩብኝ።

«መምህርት፣ ምነው? አራት ጊዜ ገባሽ እኮ።»

«ብርድ ነው አያ።»

«ፌጦ በሎሚ ጠጪ።»

«እሺ አያ።»

«ይህን ያህል እየበረደሽ መሮጡስ ለምን አስፈለገ?»

ፊሽካዬን ነፍቼ ልጆቹን አስነሳሁ። መንገዳችን ላይ አንድ ደብር አለ፤ ደጃፉ ስንደርስ ቆመን እንሳለማለን። ከእኔ በላይ ተግቶ የሚሳለም አልነበረም። ግንባሬን ግንቡ ላይ አድርጌ፣ ያ የላላ ነገር ትንሽ እስኪያርፍልኝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ። የመሪጌታ ልጅ፣ ዝምተኛዋ የምላት፣ «መምህራችን እንዴት ያለች መንፈሳዊ መሰለቻችሁ» ብላ ቤቷ አውርታ ኖሯል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እናቴ ስወልድ ልታርሰኝ ከዳባት ገጠር መጥታ ሕፃኑን ልትይዝልኝ እኔው ጋ ቀርታ ነበር። አንድ ቀን ቱታዬን ገመድ ላይ ሳሰጣ ከኋላዬ ቆመች።

«ይኸን ሱሪ ምነው ጠዋት ጠዋት ታጥቢዋለሽ?»

«ላብ ነው እማ።»

«ላብ እንዲህ አይሸትም። ስድስት የወለድኩትን እኔን ልታሞኚ?»

ነገርኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ተቆጣች።

«መቀነትሽንስ? አርባ ቀንሽ ሳይሞላ 'ይሞቀኛል እማ፣ ይሞቀኛል' ብለሽ ፈትተሽ አልጣልሽውም? የወለደች ሴት ወገብ ነዶ ነው፤ ካላሰሩት ይበተናል!»

ለማያውቅ ልንገር፦ በእኛ ዘንድ አራስ ወገቧ ይታሰራል። ሆዷ እንዳይንዘረጠጥ፣ ጀርባዋን እንዳያማት፣ ረጅም የጥጥ መቀነት ዙሪያዋን እየደጋገመ ይጠመጠምባታል። እናቴ ከሻንጣዋ ስር የራሷን አወጣች።

«ቁሚ። እጅሽን አንሺ። እፍ በይና ባዶ አድርጊው።»

ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ተክላ ሳበችው።

«እማ፣ መተንፈስ አቃተኝ!»

«ሸጋ! ተይዟል ማለት ነው።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስህተት ግን በእናቴ ላይ ማላከክ አልችልም። እሷ ያሰረችኝ ቤት ውስጥ ጎንበስ ቀና እንድልበት ነው፤ ሩጪበት አላለችኝም። ለሩጫ ያዋልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በሳይንስ አስደግፌ። ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃሉ። ገበሬ ሲያጭድ፣ ተሸካሚ ሲሸከም ወገቡን ያጠብቃል። ስለዚህ የታሰረ ወገብ የተያዘ ሽንት ነው። ለራሴ ሳብራራው እንዴት እንደጣመኝ!

የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አራተኛው ምሰሶ ላይ አመለጠኝ። በደንብ አላጠበቅኩትም ማለት ነው ብዬ አጠበቅኩት። ዘጠነኛው። አሁንም አጠበቅኩት። ስድስተኛው። የማጠብቀው ስለሚያመልጠኝ ነበር፤ የሚያመልጠኝ ስለማጠብቀው እንደሆነ ደብተሩ በራሴ እጅ ጽሑፍ እየጮኸ ይነግረኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይዛ መጥታ እንዲያ ብላ የምትተረጉም ተማሪ ብትኖር ዜሮ እሰጣታለሁ።

ጥር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዘጠኙ ልጆች ተሰልፈው ሲጠብቁኝ አቋቋማቸው እንግዳ ሆነብኝ። ሁሉም ምርጊያ ጀርባቸው ላይ የደረቀባቸው ይመስል ቀጥ ብለዋል።

«ምን ሆናችኋል?»

ረጅሟ ሹራቧን ገለጥ አደረገች። መቀነት። ከጎኗ ያለችውም መቀነት። ዘጠኙም! አንዷ የእናቷን ጥለት ያለውን የዓመት በዓል መቀነት ይዛ መጥታለች። ዝምተኛዋ ደግሞ ቤት ውስጥ ትርፍ መቀነት አጥታ የአባቷን ጥምጣም ነው የታጠቀችው፤ መሪጌታ ቅኔ ማኅሌት ሲገቡ የሚጠመጥሙትን ነጭ ሻሽ።

«ምስጢርዎትን ደረስንበት» አለች ረጅሟ። «ዓርብ ዕለት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሲታጠቁ አየሁዎት። ለዚህ ነዋ ወልደውም ከፊት የሚሆኑት!»

«ዛሬ እንበርራለን ቲቸር!» አሉ ሌሎቹ።

ፍቱ ማለት ነበረብኝ። ፍቱ ብል ግን «እርስዎስ ለምን ይታጠቃሉ?» ይሉኛል፤ ከዚያ ጥያቄ ስሸሽ ነው ወር ሙሉ የከረምኩት። «አታጥብቁት» ብቻ አልኩና ፊሽካዬን ነፋሁ።

አልበረሩም። ዳገቱን እያቃሰቱ ወጡት። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ዝምተኛዋ ጎኗን ይዛ እጥፍ አለችና መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አፏን ትከፍታለች፤ አየሩ አይገባም። ዘልዬ ቋጠሮውን ያዝኩ። ጥምጣም ቀጭን ጨርቅ ነው፤ በላብ ረጥቦ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጥፍሬ ታገልኩ፣ በጥርሴ ታገልኩ። ሸክላቸውን ለመደርደር ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ እየሮጠች መጣች።

«ምን አባሽ ትታገያለሽ? ቁረጪው!» ብላ ቢላዋ ሰጠችኝ።

ቆረጥኩት። ልጅቱ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወሰደች። ሁለተኛውን ስትወስድ የተቆረጠውን አይታ፣ «የአባቴ ጥምጣም!» ብላ አለቀሰች።

ያኔ ነው የእኔም የሄደው። ተንበርክኬ በሙሉ ጉልበቴ ስታገል፣ ሦስት ዙር በተጠመጠመ መቀነት ታፍኜ፣ ጠብታ ሳይሆን ሁሉም። ጥቁር ቱታ ይደብቃል የሚባለው ነገር ልክ እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ። ከመሬት አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩና «ባጃጅ ጥሩ፣ ባጃጅ!» እያልኩ ልጆቹን አጣደፍኳቸው። ረጅሟ አልሄደችም። ሹራቧን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝና ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። የማያርፈው አፏ አንድ ቃል አልወጣውም።

ከሰዓት በኋላ የመሪጌታ ሚስት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገባች። ሁለት ቦታ የሆነውን ጥምጣም አጣጥፋ ይዛዋለች።

«ይኸን የቆረጠ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ትንፋሽ አጥሯት ነው።»

«ያስታጠቃትስ?»

ባልደረቦቼ በሙሉ ድንገት የፈተና ወረቀት ማረም ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን፣ «አዲስ ስልት ነው እትዬ። የአተነፋፈስ ልምምድ» አልኩ።

«እያፈኑ አተነፋፈስ?»

አንዱ መምህር ሻዩ ትን አለው። እሷ አልሳቀችም። «ልጄ ከእንግዲህ አትመጣም» አለችና ጥምጣሟን ይዛ ወጣች።

የመሪጌታ ቤት የከለከለውን ሌላው ቤት አይፈቅድም። ረቡዕ አምስት ልጆች መጡ። ዓርብ ሁለት።

ዓርብ ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ውስጥ «ምንሽን ነው?» ሲሉኝ «ወገቤን» አልኩ፤ ከወገብ በታች መሆኑን ለመናገር ሦስት መስኮት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘኋት ከእኔም የምታንስ ልጅ ናት። ደብተሬን አወጣሁላት። ገጹን እያገላበጠች ቆየች።

«ምሰሶ ነው የሚለው?»

«አዎ ሲስተር። የመብራት።»

«ይህ ምልክትስ?»

«መቀነቱን ያጠበቅኩበት ቀን ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የላስቲክ ጓንት አውጥታ ከቧንቧው ውሃ ሞላችበትና አፉን ቋጥራ ጣቶቹ ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ አድርጋ ያዘችው።

«ይህ ሆድሽ ነው። ወገቡን በእጅሽ እሰሪልኝ።»

መሃሉን ጨመቅኩት። ውሃው በሙሉ ወደ ታች ሸሽቶ ጣቶቹ እንደ ጡት ተወጠሩ።

«እንደምትታጠቂው አጥብቂ እንጂ።»

አጠበቅኩት። አንዱ ጣት ጫፉ ላይ ተበሳና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተሬን በውሃ አጠበው። እንዴት ያለ ማስተማሪያ መሣሪያ! እኔ ክፍል ውስጥ ባሳየሁት ደስ ባለኝ፤ አሁን ግን የምማረው እኔ ስለሆንኩ ደሜ ፈላ። ያን የላላ ጠፍር ከላይ ሆኜ ስረግጠው ነው የከረምኩት።

«ፍቺው» አለችኝ። «ውሃሽን እንደ ሰው ጠጪ። ቡጢ እንደመጨበጥ አድርገሽ፣ ሽንትሽን እንደምታቋርጪ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። ያዥ። ልቀቂ። ስትይዢ እየተነፈስሽ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ስድስት ሳምንት ደግሞ አትሩጪ፤ ተራመጂ።»

«መሮጥማ አለብኝ ሲስተር። እኔ ካልሮጥኩ ቡድኑ ይፈርሳል።»

«ፈርሷል አላልሽኝም እንዴ?»

ይህችን ልጅ አልወደድኳትም። ልክ ነበረች።

ቅዳሜ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። እናትየው ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ተቀመጪ አላለችኝም፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሰኞ ዕለት ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ጥምጣሙን ሰፍቼዋለሁ፤ መሪጌታ ሲጠመጥሙት ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አያየው። ያንቺን ውሸት የት ላስገባው?»

ነገርኳት። ከቁልቁለቱ ጀምሬ እስከ ጓንቱ ድረስ፤ ጠፍሩን በእጄ እያሳየሁ። ምስሩን እየለቀመች ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«እና አሁን ስድስት ሳምንት መሮጥ አልችልም። እኔ ካልሮጥኩ ደግሞ ልጅሽን አትሰጪኝም» አልኩ።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እኔ ሩጪ ያልኩሽ መቼ ነው?»

«በር ላይ ቆመሽ...»

«ከዓይንሽ አትጥፋ ነው ያልኩሽ። አንቺ ብትሮጪ፣ ብትሄጂ፣ በባጃጅ ብትከተያቸው እኔን ምን አገባኝ? ይቺን ሁለት ቃል ሳታጣሪ ነው ይኸን ሁሉ መከራ የተሸከምሽው? አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ከሰፌዱ ጫፍ አንዲት ጠጠር አንስቼ ጣልኩላት። 

«እሷን ነገር ግን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምስሯን እንደገና እየነካካች፣ «ያዥ ልቀቂ ያልሽውን። በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ጊዜ እትዬ። እርስዎም...» አንቺ እያልኳት ቆይቼ ድንገት አንቱ አልኳት፤ ከድንጋጤ ነው።

«አለብኝ አላልኩሽም። የለብኝም አላልኩሽም። ስንት ጊዜ ነው ብቻ ነው ያልኩሽ።»

ሰኞ ሰባት መጡ፤ ረቡዕ ዘጠኝ። ዝምተኛዋ በባዶ ወገቧ መጣች። ልጆቹን ሰብስቤ፣ መልመጃ ከመጀመራችን በፊት፣ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ምንም ሳልጨምር ነገርኳቸው፦ ከወለድኩ ወዲህ ስሮጥ ሽንቴ ያመልጠኛል፣ መቀነቱ አባሰብኝ፣ እናንተም ፍቱ፣ እኔ ለጊዜው እሄዳለሁ እናንተ ትሮጣላችሁ። ለዚህ ንግግር ሌሊቱን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት።

«እናውቃለን እኮ ቲቸር» አለች ረጅሟ። «ብርድ የመታዎት መስሎን ነው ዝም ያልነው። አክስቴም እንደዚያው ናት።»

የጎደለኝ ልጆቹን ከዓይኔ ሳላጠፋ የማስሮጥ ዘዴ ነበር፤ እሱን ለማግኘት አንድ ቅዳሜ መንገዱን በእግሬ ለካሁ። ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው ያለው ቦታ ከየትኛውም ጫፍ ይታያል። እዚያ መሃል እኔ እየተራመድኩ፣ እነሱ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳሉ። አስቀያሚ ልምምድ ነው፤ ለሯጭም ለተመልካችም አሰልቺ ነው። ሰዓት ይዤ ስለካቸው ግን በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ፈጥነዋል። ለካ ሁለት ወር ሙሉ በእኔ ክር ማሰርና በእኔ መሳለም ስጎትታቸው ኖሯል። ይህንንም መዋጥ ነበረብኝ።

መልመጃዬን እየተራመድኩ እሠራለሁ፤ እንዳልረሳም በለሆሳስ እቆጥራለሁ። በለሆሳስ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ረጅሟ ከድልድዩ በኩል እየከነፈች መጥታ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣

«ይያዙ ቲቸር!» አለች።

ከኋላዋ የመጡት፣ «ይልቀቁ!»

«ሂዱ ከዚህ!»

«ይያዙ!»

እንዲህ ሆነና ቀረ። ዘጠኝ ልጅ እየሮጠ የእኔን ሽንት በዜማ ይመራል። ሸክላ ሻጮቹ «ምን ማለት ነው?» ሲሉ አንዷ ቆማ በሥርዓት አስረዳቻቸው፤ አልጋውንም፣ ጠፍሩንም፣ ጓንቱንም። እኔ ከነገርኳቸው አንዷን ቃል እንኳ አልሳተችም። ተናድጄ ፊሽካ ልነፋ አፌ ውስጥ ከተትኩና ምኑን ስህተት ብዬ እንደምነፋ ጠፋኝ። የመሪጌታ ሚስት ከኪዳን ስትመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ጀምራለች። ነጠላዋን ተከናንባ ዳር ዳሩን ትሄዳለች፣ ልጇን ትቆጥራለች፣ ሰላም እንኳ በቅጡ አትለኝም። ልጆቹ «ይያዙ!» ሲሉ ግን እርምጃዋ ለአፍታ ሲቆጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስረዳ ዝም ማለት ችያለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ መጋቢት ላይ፣ ሮጥኩ። ያች ሲስተር መርምራ ፈቅዳልኛለች፤ «በቀስታ» ብላለች። ዳገቱን ወጣሁት፣ ምንም የለም። ደብሩ ጋ ተሳለምን፤ ያን ቀን ለመሳለም ብቻ ነበር የቆምኩት። ድኛለሁ ብዬ ደስታዬ ሲጀምር ቁልቁለቱ መጣ፤ ግማሹ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ስድስት ሳምንት! በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ ቀን ሳልዘል! ከንዴቴ የተነሳ አፌ ሳላስበው፣

«አመለጠኝ!» ብሎ ጮኸ።

ስምንቱ ከፊት ዞረው አዩኝ፤ እግራቸው ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ዝምተኛዋ ከጎኔ ነበረች።

«እንቁም ቲቸር?»

አሥር ነገር ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ጡንቻ በአንድ ጊዜ እንደማይጠነክር፣ ጠብታ ከጎርፍ እንደሚለይ። ትንፋሽ አልነበረኝም።

«አንቆምም» አልኳት። «ሩጪ፣ እነሱ መታጠፊያው ጋ ሳይሰወሩብን።»